መርካቶ የበላው ደን፣ መርካቶ ያስተከለው ደን

ከመርካቶ ተራዎች መካከል ደን የሚሸጥባቸው አሉ። የባሕር ዛፍ አጠና በውፍረቱ እየተለየ ይደረደራል፤ ለማገር የሚሆነው ቀጭኑ ለብቻ፣ ለወራጅና ለቋሚ የሚሆነው ለብቻ፣ ለሕንፃ ርብራብ የሚፈለገው ረጅሙ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ራቅ ሲሉ ፍልጥና ጭራሮ፣ ከዚያም በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ፣ አፉ በቅጠል የተወተፈ ከሰል አለ። ገዢው ዋጋውን ይከራከራል እንጂ ዛፉ የማን እንደነበረ አይጠይቅም። የአዲስ አበባ ገበያ ባለፉት 140 ዓመታት ደን ሲያጠፋም ደን ሲያስተክልም ኖሯል። ፈላጊው ያው ከተሜ ነው፣ ምድጃውም ያው ምድጃ። ገበያው አንዱን ጋራ አራቁቶ ሌላውን ያለበሰው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በዛፉ ባለቤት ዘንድ ነው፤ ዛፉ ሲቆረጥ ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ ቆሞ ሲቆይም ማን እንደሚጠቀም የታወቀበት ቦታ ደኑ ይመለሳል፣ ያልታወቀበት ቦታ ስንት ሚሊዮን ችግኝ ቢተከል አይመለስም። ታሪኩን በየዘመኑ እንከተለው።

ነገሩ የሚጀምረው መርካቶ ገና ሳይኖር ነው። በቀደመው ጊዜ ነገሥታት መቀመጫቸውን ሲቀያይሩ አንዱ ምክንያት የእንጨት ማለቅ ነበር፤ ሠራዊቱና ጭፍራው የሰፈረበት አገር ማገዶው ሲሟጠጥ ድንኳኑ ይነቀላል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው፣ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዕጣዋ ከዚያ የሚለይ አይመስልም ነበር። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለመኳንንቱ ግቢ፣ ለወታደሩ ጎጆ፣ ለእንጀራውና ለጠጁ ምድጃ ሲቆረጥ ጋራው በጥቂት ዓመታት ተራቆተ፤ እንጨት ከሩቅ በሰውና በአህያ ጀርባ ይመጣ ጀመር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አዲስ ዓለምን ማስገንባት የጀመሩት ደን ያለበት መቀመጫ ፍለጋ ነው። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ለመኖሪያ የታሰበው ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ጸናች።

ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ግድም እንደገባ ይነገራል፤ ያስመጣውም ፈረንሳዊው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይደፍረውም፣ በጥቂት ዓመታትም ለማገዶ ይደርሳል። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት ይህን የዛፉን ጠባይ ነው። ለእኔ የሚበልጠው ግን ከዛፉ ጋር የመጣው ሥርዓት ነው። ምኒልክ ችግኙን በርካሽ አከፋፈሉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ አደረጉ። የተከለ ሰው የተከለውን ቆርጦ እንደሚሸጥ ርግጠኛ ነበር፤ ገዢው ደግሞ ደጁ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ በ1910ዎቹ አዲስ አበባን የሚያይ እንግዳ ከተማ በደን ውስጥ የተሠራ ይመስለው ነበር። ዘመቻ አልታወጀም፣ ማንም ተሰልፎ አልተከለም። ሰው ለጥቅሙ ተከለ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ ባሕር ዛፍ ደን አይባልም፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስወጣም። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. ግድም ዛፉ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል፣ በምትኩም ሌላ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ብዙም ሳይፈጸም ቀረ፣ ምክንያቱም ነቅሎ የሚያነደው ሌላ ነገር የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ከተቃዋሚዎቹ ወገን እውነት አለ። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ የጥንቱን የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ደን አልመለሰም፤ ወፎቹም ምንጮቹም እንደ ድሮው አልሆኑም። ይሁንና ዛፉ ባይኖር ኖሮ የከተማዋ ምድጃ የመናገሻን፣ የወጨጫንና ከዚያም ወዲያ ያሉትን ጋራዎች ጽድ ሳይጨርስ አይመለስም ነበር። የተመለሰ ደንና የተረፈ ደን የተለያዩ ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ያደረገው ሁለተኛውን ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ዓላማው ነጭና ጥቁር የሚለያዩበት ከተማ መሥራት ነበር፤ የአገሬው ሰው ገበያም ሆነ መኖሪያ ወደ አዲስ ከተማ ተገፋ። በ1933 ወራሪው ሲወጣ ገበያው በቦታው ቀረ፣ መርካቶ የሚለው ስምም አብሮት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የምትበላው፣ የምትለብሰውና የምታነደው አብዛኛው ነገር የሚያልፈው በዚያ ነው። የከተማው ሕዝብ በበዛ ቁጥር የማገዶው ፍላጎት አብሮ በዛ፤ እንጀራ መጋገር ብቻ ከቤተሰብ ማገዶ ከግማሽ በላይ እንደሚወስድ ጥናቶች ያሳያሉና ሕዝቡ ሲያድግ ምጣዱ ይከተላል። በከተማዋ ዙሪያ የነበረው ባሕር ዛፍ በዚያ ዘመን በአብዛኛው የባላባቶችና የሀብታሞች ርስት ነበር። ፍትሐዊ አልነበረም፤ ግን ባለቤት ነበረው፤ ሲቆረጥም ይተካ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ይህን ሁሉ ለወጡት። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የመሬት ላራሹ ጥያቄ ትክክለኛነት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዛፉ ግን አዋጁ ያመጣው ነገር ባለቤት አልባነት ነው። የባላባቱ ባሕር ዛፍ የመንግሥት ሲባል ጎረቤቱ ገበሬም፣ የከተማው ድሃም፣ ዘበኛውም እኩል እጃቸው ገባበት። መንግሥት ይህን ሲያይ በለጋሾች ገንዘብ በከተማዋ ዙሪያ ሰፋፊ የማገዶ ደኖችን አስተከለ። ችግኙ ጸደቀ፤ በዚህ በኩል ሥራው አልከሸፈም። ነገር ግን ደኑ ከተተከለበት መሬት የተነሣው ገበሬ ምንም አላገኘበትም፣ ቅርንጫፉን ለቅማ ልጅ የምታሳድገው ሴት ደግሞ ሌባ ተባለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የሥራ ድርጅት በኩል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሴቶች 35 ኪሎ ግራም ያህል ቅጠልና ጭራሮ በወገባቸው ተሸክመው ከጋራው ይወርዱ፣ በመንገዳቸው በደን ዘበኛ ይያዙ፣ ይደበደቡ፣ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር፤ ከተማዋ ከምታነደው ማገዶ ከፍ ያለ ድርሻም በእነሱ ጀርባ የሚመጣ ነበር። ዘበኛ ለማቆም የወጣው ገንዘብ አንዲቱንም ሴት ከደኑ ጋር አላወዳጃትም።

በገጠሩም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ መጠኑ ግን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ1970ዎቹ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋና በሌሎችም ክፍለ ሀገሮች ምግብ ለሥራ እየተባለ እርከን ተሠራ፣ ተራራ ተከለለ፣ ችግኝ ተተከለ። ገበሬው የሚተክለው ለስንዴውና ለዘይቱ ነበር። የተተከለው ዛፍ ለማን እንደሆነ ሲጠይቅ ለገበሬ ማኅበሩ ወይም ለመንግሥት ነው ይባላል፤ ለመቁረጥ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን የሚፈቅድለት አያገኝም። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብዙው ተቆረጠ። ምሁሩ ይራስወርቅ አድማሴ በዚህ ላይ በጻፉት መጽሐፍ ጠቅላላውን ጉዞ የትም ያላደረሰ የሃያ ዓመት ጉዞ ብለውታል። መንግሥት ሲፈርስ ሁሉም ነገር ይዘረፋልና ይህ ስለ ባለቤትነት ምን ያስረዳል የሚል ይኖራል። ያስረዳል፤ ምክንያቱም ሁሉም ዛፍ አልተቆረጠም። ገበሬው በጓሮው የተከለው ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር እንደ ደሴት በእርሻ ተከበው የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ቆመው ነበር፤ እነሱ ደብር፣ ካህንና ምእመን የሚባል ባለቤት አላቸው። መጥረቢያው መርጦ ነው የቆረጠው።

(በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የለመድነው ቁጥር ልናገር። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች የሚለው አባባል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል እንጂ በልኬታ የተገኘ አይደለም፤ ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር መሠረቱን ፈልገው ሊያገኙት እንዳልቻሉ ጽፈዋል። ቁጥሩ ገበሬውን የደን ጠላት አድርጎ ለመሳል ጠቅሟል፤ ጠላት የተባለ ሰው ደግሞ ባለቤት እንዲሆን አይጋበዝም።)

አዲሱ መንገድ የተጀመረው ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ነው። በአምቦ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጊንጪ ሲደርሱ በስተ ሰሜን የጭሊሞ ደን አለ፤ የጽድና የዝግባ ደን ነው፣ አዋሽም ከሚነሣባቸው ጋራዎች አንዱ ነው። እንደሌላው የመንግሥት ደን በ1983ቱ ለውጥ ወቅት ተጎድቶ ነበር። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል የተባሉ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚሉትን አሠራር እዚህ ሞከሩ። ነገሩ ሲገለጽ ቀላል ነው፦ ደኑን ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቤተሰቦች በቡድን ይደራጃሉ፣ የደኑ ወሰን በጋራ ይለያል፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል። ውሉ ደረቅ እንጨት መልቀምን፣ ማር መቁረጥን፣ ሰው ከተከለው ክፍል በዕቅድ ቆርጦ መሸጥን ይፈቅዳል፤ በምትኩ ጥበቃው የማኅበሩ ነው። በባሌ በኩል በአዳባና ዶዶላ ደግሞ የጀርመን ተራድኦ ድርጅት የደን ነዋሪዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ታስቦ አንድ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሰው ጎረቤቱን መቆጣጠር የሚችለው ሲያውቀው ብቻ ስለሆነ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጥርት ያለው ማስረጃ ወላይታ ሁምቦ ላይ ያለው ነው። ከሶዶ በስተ ደቡብ ያለው የሁምቦ ተራራ ደኑ ከአንድ ትውልድ በፊት ተመንጥሮ አልቆ ነበር፤ ጎርፍ እየወረደ እርሻውን ያጥብ፣ የቀረውን ቁጥቋጦ ከሰል አክሳዩና እረኛው ይካፈሉት ነበር። ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ሕዝብ 2,728 ሄክታር ከለሉ፤ ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ደኑን የመጠቀም መብትም በወረቀት ተሰጣቸው። ከዚያ የሆነው አስገራሚ ነው። ከመሬቱ 90 በመቶ በላይ የሚሆነው ችግኝ አላስፈለገውም። ሰው ሞቷል ብሎ የተወው ጉቶ በሕይወት ነበር፤ ከብቱ ሲከለከልና ከብዙዎቹ ቀንበጦች ደካሞቹ ተገንጥለው ጠንካሮቹ ሲቀሩ የአገር በቀሉ ዛፍ ከሥሩ ተነሣ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በካርቦን ንግድ መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክ በዐሥር ዓመት ውስጥ 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ፣ ማኅበራቱም ከገንዘቡ ወፍጮና የእህል ጎተራ ሠሩበት። ትችቱ ግን ይቅር አይባል፦ ከሰል እያከሰለ ይኖር የነበረ ድሃ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዴት ይክረም? ከካርቦኑ የተገኘው ገንዘብ በየቤቱ ቢከፋፈል እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሰዎቹን ያቆያቸው ለከብት የሚታጨደው ሣር፣ የሚለቀመው ደረቅ እንጨትና የጎርፉ መቀነስ ነው፤ ሣሩ ደግሞ ከዛፉ ቀድሞ ይደርሳል።

የሌላው ዓለም ልምድም ከዚህ አይለይም፤ በባሕር ጠረፍ እንኳ ያው ነው። በፊሊፒንስ ለአሥርት ዓመታት ማንግሩቭ የተባለውን የጨው ውሃ ዛፍ ለመመለስ ብዙ ገንዘብ ፈስሶ ችግኙ በአብዛኛው ሞተ፤ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈትሹ ዛፉ ድሮ የነበረበት ቦታ ባለሀብቶች የዓሣ ኩሬ ያደረጉት ስለሆነ፣ ተካዮቹ ጠብ በመሸሽ ባለቤት ወደሌለው ጭቃ መውረዳቸውን አገኙ። ጭቃው ባለቤት ያልነበረው ዛፍ ስለማይበቅልበት ነው። በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ግን 117 ሄክታር ማንግሩቭ የሚጠብቁት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ከካርቦኑ ሽያጭ ውሃና ትምህርት ቤት አግኝተውበታል። ከምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይም አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዶክተር ጎርደን ሳቶ ማንግሩቩን ያስተከሉት በመንደሩ ሴቶች እጅ ነበር፤ ቅጠሉ የበጎችና የፍየሎች መኖ ይሆናልና የተከለችው ሴት ለመጠበቅ የራሷ ምክንያት ነበራት።

መርካቶ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገዢ ሆኖ መቆየቱ ለክርክሬ ዋነኛው ፈተና ነው። ባለቤትነት ለገበሬ ቢሰጥስ፣ የከተማው ገንዘብ አባብሎ ያስቆርጠው የለም ወይ? መልሱን አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ እናገኛለን። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱ አልሰጥ ያላቸው ገበሬዎች ከ1990ዎቹ ወዲህ ዲከረንስ የሚሉትን የአውስትራልያ ግራር በማሳቸው መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፤ ዛፉ ናይትሮጅን እየመለሰ አፈሩን ያለማል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት እዚያው ማሳው ላይ ተቆርጦ ይከሰላል፣ ከረጢቱ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የሳተላይት ምስል ያነጻጸሩ ጥናቶች በወረዳው የዛፍ ሽፋን በግልጽ መጨመሩን አሳይተዋል። እንግዲህ ከሰል፣ ያ የደን ጠላት የሚባለው ከሰል፣ ዛፍ አስተከለ። ከምኒልክ ዘመን ጋር ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የተከለው ሰው እንደሚቆርጠው ያውቃል፣ ሲቆርጠውም መልሶ ይተክላል።

ባለቤትነት ግን ሁሉን አያድንም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዲከረንስን ቅጠልና ግንድ የሚያጠቃ የዝገት በሽታ አዊን ገብቶ ብዙ ማሳ አጠፋ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት አገር በአንድ ፈንገስ ሊራቆት እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። ገበያ ፈጥኖ የሚደርሰውን ዛፍ ያስተክላል እንጂ ዝግባና ኮሶ አያስተክልም፤ ለዚያ እንደ ሁምቦና ጭሊሞ ያለ የጋራ ባለቤትነት ያስፈልጋል፤ የገበያው ዛፍ ደግሞ የጋራውን ደን ከመጥረቢያ ያሳርፈዋል። ሁለቱ የሚደጋገፉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መርካቶ ራሱ ይህን ያውቀዋል፤ በ1990ዎቹ የቆርቆሮ ሱቆቹ በፎቅ ሲተኩ ብዙዎቹን ሕንፃዎች ያቆሙት በየተራው ይነግዱ የነበሩ ሰዎች በአክሲዮን ተደራጅተው ነው፤ ርብራቡም የባሕር ዛፍ አጠና ነበር።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። የ1986ቱም የ1999ኙም የደን አዋጆች የማኅበረሰብን ደን ራሱን የቻለ ይዞታ አድርገው አላወቁትም፤ ያወቀው በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። በዓመቱ አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ስለ ዘመቻው ሲወራ የሚጠቀሰው የተተከለው ቁጥር ነው፤ በየጋራው የመጨድና የመልቀም መብት ለማን እንደተጻፈ ግን እምብዛም አይነገርም። የ1970ዎቹም ዘመቻዎች የጎደላቸው ይኸው ነበር።

ወደ እንጦጦ ስንመለስ፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከጋራው በከፊል ባሕር ዛፉን እያነሣ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ሲመልስ ቆይቷል፤ በ2013 ደግሞ ትልቁ የእንጦጦ ፓርክ ለጎብኚ ተከፈተ። እንጨት ተሸካሚ ከነበሩት ሴቶች ጥቂቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕ እየሸመኑ ይሸጣሉ። ምናለሽ ተራ ላይ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጠው የከሰል ምድጃና ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃም የራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤትም በዝቷል። ኤሌክትሪክ ሁሉን ይፈታዋል የሚሉ ግን መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ወይም የታሪፉ ዋጋ ሲጨምር፣ ጭራሮ ተራ ማን እንደሚሰለፍ ቢያዩ ጥሩ ነው። ዛሬም ቅጠልና ጭራሮ የምትለቅም ሴት የከተማ ነዋሪ ናት፤ የደኑ ማኅበረሰብ ተብሎ ሲቆጠር ከደኑ አጠገብ የሚያርሰው ገበሬ እንጂ እሷ አትታሰብም። ለጭሊሞ ገበሬ የተፈረመው ዓይነት ውል ለእሷም ሊፈረም ይችላል፦ የወደቀውን ቅጠልና የደረቀውን ቅርንጫፍ በተወሰኑ ቀናት ትለቅማለች፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የበቀለውን የጽድ ቡቃያ ትጠብቃለች፣ በየዓመቱ ስንቱ እንደቆመም ከፓርኩ ሠራተኛ ጋር ትቆጥራለች።